«ትንሿ ጣቴ ብቻ ደህና ናት»፦ ሌሊት እጇ እየደነዘዘ ለሚቀሰቅሳት እህት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ዶክተር 43 ዓመቴ ነው፣ እንጀራ ጋግሬ ለሱቅና ለሆቴል አስረክባለሁ። ከአራት ወር ወዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ቀኝ እጄ ደንዝዞ ይቀሰቅሰኛል፣ አራግፌ አራግፌ ነው ሚለቀኝ፣ ትንሿ ጣቴ ብቻ ደህና ናት። ጠዋት ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ስጋግር ደሞ ግራ እግሬ ይሞታል፣ ስነሳ ጉንዳን የወረረው ነው ሚመስለኝ። እናቴ ብርድ ነው ትለኛለች፣ እሷም ስኳር ስላለባት እግሯን ያቃጥላታል፣ ማታ ማታ ሁለታችንም በጨው ፍል ውሃ እንዘፈዝፋለን። ፋርማሲ አምስት ቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ተወግቼ ለሳምንት የተሻለኝ መሰለኝና ተመለሰ፣ ሌላ አምስት ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ጎረቤቴ ስትሮክ ሊጀምርሽ ነው ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጾመኛ ነኝ፣ ቫይታሚን አንሶኝ ይሆን?»

እህቴ መጀመሪያ እንቅልፍሽን ተኚ፣ የጻፍሽው ነገር ስትሮክ አይመስልም። ለምን እንደማይመስል እመለስበታለሁ። እኔን ደስ ያለኝ በመሃል ጣል አርገሽ ያለፍሻት ነገር ናት፣ «ትንሿ ጣቴ ብቻ ደህና ናት» ያልሽው። አብዛኛው ሰው እቺን አይነግረኝም፣ «እጄን በሙሉ ይደነዝዘኛል» ነው ሚለኝ፣ ከዛ እኔ አንድ በአንድ ጣቱን እየያዝኩ ይቺስ? ይቺስ? እያልኩ ነው ማወጣው። አንቺ ግን የምርመራውን ግማሽ ራስሽ ጨርሰሽ ነው የመጣሽው።

ምን መሰለሽ፣ ሰው እጁ ሲደነዝዝ ወይ ብርድ ነው ይላል ወይ ደም አልደረሰኝም ይላል። የብርዱን ተይው፣ በኛ አገር ብርድ ያልተከሰሰበት በሽታ የለም። የደሙ ግን ግማሽ እውነት አለው። ነርቭ ማለት እንደ ኮረንቲ ገመድ መልእክት ሚያመላልስ ነገር ነው ግን ገመድ ብቻ አይደለም፣ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ እሱም የራሱ ቀጫጭን የደም ስሮች አሉት፣ ስትጫኚው ራሱም ይጨፈለቃል የሱም ደም ይቋረጣል፣ መልእክት ማሳለፍ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ1931 ቶማስ ሉዊስ ሚባል የለንደን ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ይሄን ለማወቅ የሰው ክንድ ላይ የፕሬሸር መለኪያውን ጨርቅ ጠምጥመው ነፍተው ደሙን ዘግተው ጠበቁ። መደንዘዙ ከጣት ጫፍ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደግሞ ቀድሞ ሚጠፋው የቀላል ንክኪ ስሜት ነው፣ የሕመም ስሜት መጨረሻ ላይ ነው ሚሄደው። እና ዋናው ያገኙት ነገር ችግሩ ደም ያጣው ቆዳ ሳይሆን ጨርቁ ስር የታፈነው የነርቭ ቁራጭ መሆኑን ነው። ስለዚህ የሚደነዝዘው ቦታና የተጎዳው ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል፣ ጣትሽ ይደነዝዛል፣ ጥፋቱ ግን አንጓሽ ላይ ወይ ክርንሽ ላይ ወይ አንገትሽ ላይ ነው። ጣትን በቅባት ማሸት ለዚህ ነው ብዙ ማይጠቅመው።

ጉንዳን የወረረ ሚመስለው ደግሞ ከተለቀቀ በኋላ ነው አይደል? መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም እንደሚለው አድርገሽ አስቢው፣ ነርቩ ደሙ ሲመለስለት ማንም ሳይነካው በራሱ መተኮስ ይጀምራል፣ ጭንቅላትሽ ደግሞ ያንን ሁሉ ጠቅ ጠቅ መርፌ መርፌ ብሎ ይተረጉመዋል። ደስ አይልም ግን መመለሱን ነው ሚነግርሽ።

አሁን ወደ ትንሿ ጣት። እጅ ላይ ያለው ቆዳ ለነርቮች እንደ ቀበሌ ተከፋፍሏል። አውራ ጣት፣ አመልካች፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ የአንድ ነርቭ ናቸው፣ ያ ነርቭ ወደ መዳፍሽ ሚገባው በእጅሽ አንጓ በኩል ባለች ጠባብ ዋሻ ነው፣ ስሟ ካርፓል ተነል ነው። ወለሏና ግድግዳዋ አጥንት ነው፣ ጣሪያዋ ጠንካራ ጅማት ነው፣ ውስጧ ደግሞ ጣት ሚያጥፉ 9 ጅማቶች ከነርቩ ጋር ተጨናንቀው ነው ሚያልፉት፣ ልክ እንደ ማታ ታክሲ። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ሌላው ግማሽ ግን የሌላ ነርቭ ሰፈር ናቸው፣ እሱ በዛ ዋሻ አያልፍም፣ በክርን ጀርባ ዞሮ ነው ሚመጣው (ክርንሽ በር ሲመታው እንደ ኮረንቲ ሚነዝርሽ እሱ ነው)። ስለዚህ ሦስቱ ጣቶች ደንዝዘው ትንሿ ከተረፈች ቅድሚያ ምንጠረጥረው አንጓሽን ነው። ትንሿ ብቻ ደንዝዛ ቢሆን ክርንሽን እጠረጥር ነበር፣ በተለይ ስልክ ጆሯቸው ላይ ይዘው ሰዓት ሙሉ ሚያወሩ ሰዎች ላይ። ከትከሻ ጀምሮ እየነዘረ ሚወርድና አንገትሽን ስታዞሪ ሚብስ ቢሆን ደግሞ የአንገት ዲስክ።

ሌሊት ለምን? ተኝተሽ እጅሽን አጥፈሽ ጉንጭሽ ስር ስለምታደርጊው። አንጓ ሲታጠፍ ዋሻዋ ትጠባለች፣ ቀን እግርሽ ላይ የዋለው ፈሳሽም ስትተኚ ወደ ላይ ተመልሶ እጅ ላይ ትንሽ እብጠት ይጨምራል። ተነስቶ ማራገፍ ራሱ ምልክት ነው፣ እኛ «ሌሊት ሲደነዝዝሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለን ስንጠይቅ ታካሚዋ አፏን ሳትከፍት እጇን እንደ ቴርሞሜትር ካራገፈች ያው ነው ብለን እንጽፋለን።

እንጀራውስ? እኔ እናቴ ስትጋግር ነው ያደኩት፣ ስለዚህ አይቼዋለሁ፦ ሊጡን ታሻለች በአንጓዋ ጉልበት፣ ታፈሳለች፣ አክንባሎውን ታነሳለች ትከድናለች፣ ሰፌዱን ከስር ሰደድ አርጋ ታወጣለች፣ ለቤት ከሆነ ሃያ ሠላሳ ነው፣ ለሆቴል ሲሆን ግን ስንት መቶ ጊዜ እንደሚሆን አንቺ ታውቂዋለሽ። ጉልበት ያለበትና ሚደጋገም የእጅ ሥራ ይሄን ችግር ያባብሰዋል፣ ሹሩባ ሚሠሩ ልጆች፣ ልብስ አጣቢዎች፣ ቀኑን ሙሉ ሚሰፉ ሰዎች ላይ አየዋለሁ። ግን ሥራው ብቻ አይደለም። ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ውፍረት ያመጣዋል፣ እርግዝና ያመጣዋል (ሲወለድ ብዙውን ጊዜ ይለቃል)፣ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ሥራው ሲያንስ ያመጣዋል፣ ስኳር ያመጣዋል። በተለይ እናትሽ ስኳር ካለባት ሳትመረመሪ አትቀሪ።

እቤትሽ አንድ ነገር ሞክሪ። የሁለት እጆችሽን ጀርባ ከጀርባ አጋጥሚ፣ ጣቶችሽ ወደ መሬት ይዩ፣ ክርንሽን ከፍ አርጊና 60 ሰከንድ ቆጥረሽ ጠብቂ። እነዛው ጣቶች ከደነዘዙ ሐኪምሽ ጋ ስትሄጂ ንገሪው። ደግሞ መዳፍሽን ዘርግተሽ አውራ ጣትሽ ስር ያለውን ወፍራሙን ሥጋ ቀኝና ግራውን አወዳድሪ። የቀኙ ከጎደለ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ወይ ቁልፍ መቆለፍ ካስቸገረሽ፣ ሳንቲም ከእጅሽ ሚያመልጥ ከሆነ ነገሩ ከስሜት አልፎ ጡንቻ ጋ ደርሷል ማለት ነው፣ ያኔ ሚቀጥለው ሳምንት ሚባል ነገር የለም።

እዛ ካልደረሰ ግን መጀመሪያ ምናደርገው ርካሽ ነገር ነው፦ አንጓን ቀጥ አርጎ ሚይዝ ድጋፍ፣ ስፕሊንት ሚሉት፣ የሕክምና ዕቃ ሚሸጡ ቤቶች አለ። ማታ ማታ አርገሽው ትተኛለሽ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት። ቀጥ ማለቱ ነው ዋናው እንጂ ጥብቅ ማለቱ አይደለም፣ አንዷ ታካሚዬ «ጠንከር ሲል ይሻላል» ብላ በነጠላ ጭምር ጠፍራ አስራው እጇ አብጦ መጣች። ካልለቀቀ አንጓ ውስጥ ሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ አለ፣ ለሳምንታት ለወራትም ፋታ ይሰጣል። ያም ካልሆነ ኦፕራሲዮን፣ የዋሻዋን ጣሪያ መክፈት ነው፣ እጅ ብቻ አደንዝዘው ነው ሚሠሩት፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት ትሄጃለሽ። ሰው ኦፕራሲዮን ሲባል ይሸሻል፣ ይገባኛል፣ ግን የተጎዳ ነርቭ ሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ዓመት ሁለት ዓመት ደብቀሽ ሥጋው ካለቀ በኋላ ብትመጪ እኔም ብዙ ማደርግልሽ የለም።

እግርሽ ሌላ ታሪክ ነው፣ ከእጅሽ ጋ አታገናኚው። ዱካ ላይ ጉልበትሽን አጥፈሽ ነው ምትቀመጪው አይደል፣ ወይ አንዱን እግር በሌላው ላይ አርገሽ? ከጉልበትሽ በታች በውጭ በኩል አንድ ጎላ ያለ አጥንት አለ፣ በጣትሽ ፈልጊው። እዛ ጋ አንድ ነርቭ አጥንቱን ተጠምጥሞ ከቆዳ ስር ብቻ ነው ሚያልፈው፣ ምንም ሥጋ አይሸፍነውም። ቁጢጥ ያለ ሰው፣ እግሩን አቆላልፎ ሚቀመጥ ሰው እሱን ነው ሚጨቁነው፣ ጠንካራ ነገር ላይ ብዙ መቀመጥ ደግሞ ከቂጥ ስር ያለውን ትልቁን ነርቭ ይጫናል። ስትነሺ በደቂቃ ውስጥ ከለቀቀሽ ችግር የለውም፣ ዱካውን ከፍ ባለ ወንበር ቀይሪና በየሃያ ደቂቃው ተነሺ። ግን የእግርሽን ጣቶች ወደ ላይ ማንሳት ካቃተሽ፣ ነጠላ ጫማ ከእግርሽ እየወለቀ ካስቸገረሽ ያኔ ነይ።

የናትሽ እግር ነው እኔን ያሳሰበኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ ካንቺ እጅ በላይ። ከወገብ ተነስቶ የእግር ጣት ጫፍ ሚደርሰው ነርቭ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ነው። ስኳር ሲበዛ፣ አንዳንድ መድኃኒት ሲመርዘው፣ አልኮል ሲደጋገም፣ መጀመሪያ ሚሰቃየው ረጅሙ ነው፣ ከሩቅ ያለችው ቀበሌ ውሃ ቀድሞ እንደሚጠፋባት። ስለዚህ ሁለቱም እግር እኩል፣ ከጣት ይጀምራል፣ እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉልበት ጋ ሲደርስ ያኔ የእጅ ጣት ጫፍ ይጀምራል። የካልሲና የጓንቲ ቅርጽ ካየሽ ምክንያቱ ደም ውስጥ ነው እንጂ አንድ ቦታ የታፈነ ነርቭ አይደለም። ስኳር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ቆይተው እዚህ ጋ ይደርሳሉ። ሚያቃጥለው ጊዜ እንኳን ጥሩ ነው፣ ሰው ይጨነቃል ሐኪም ጋ ይሄዳል። ሚያስፈራው ማቃጠሉ ቆሞ «ተሻለኝ» ሚሉበት ነው፣ ብዙ ጊዜ አልተሻላቸውም፣ ነርቩ ዝም አለ እንጂ።

ሬዚደንት እያለሁ አንድ አባት መጡ፣ እግራቸው ይሸታል ተብለው ልጃቸው ነው ያመጣቸው። ጫማቸውን ሳወልቅ የቆርኪ ክዳን ወደቀ። ከነጥርሱ። ውስጥ እግራቸው ላይ ክብ ቁስል ሠርቶ፣ ክቡ የቆርኪውን ጥርስ ሳይቀር ይዞ። መቼ እንደገባ አያውቁም፣ «እኔ ምንም አልተሰማኝም» ብቻ ነው ሚሉት፣ ደሞ እውነታቸውን ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ስኳር ላለበት ሰው ጫማህን ከመልበስህ በፊት ገልብጠህ አራግፍ ሳልል አልለቅም።

ለናትሽ ዛሬ ማታ እቺን አርጊላቸው፦ ዓይናቸውን ይጨፍኑ፣ አንቺ በአመልካች ጣትሽ ጫፍ የእግራቸውን አውራ ጣት፣ መሃለኛዋን፣ ትንሿን፣ በሁለቱም እግር፣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ለስለስ አርገሽ ንኪ፣ አትጫኚ፣ አትኮርኩሪ፣ ሲሰማቸው «አዎ» ይበሉሽ። ከስድስቱ ሁለትና ከዛ በላይ ካመለጣቸው እግራቸው አደጋ ላይ ነው፣ ስኳር ክትትል ጋ ይዘሻቸው ሂጂና እግራቸውን አሳይ። ማቃጠሉን ሚያስታግሱ እንደ አሚትሪፕትሊንና ጋባፔንቲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፣ ሐኪም ነው ሚያዘው፣ ሕመሙን ያቀሉታል እንጂ የጠፋ ስሜት አይመልሱም።

ወደ መርፌው። ቢ ኮምፕሌክስ ሚረዳው ቢ ቫይታሚን ያነሰውን ሰው ነው። አንጓ ላይ የታፈነ ነርቭ በቫይታሚን አይፈታም፣ በር የቆለፈበትን ሰው ምሳ እንደ መስጠት ነው። የተሻለሽ ምናልባት ያን ሳምንት ሥራ ቀንሰሽ ይሆናል ወይ ደግሞ በራሱ ሄድ መለስ ስለሚል ነው። እና አንድ ሰው ማያስበው ነገር አለ፣ ቢ6 ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በቀን ከ2 ግራም ጀምሮ እየወሰዱ መራመድ ያቃታቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔት ተጽፎላቸዋል፣ ከዛ በጣም ባነሰ መጠንም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እንደሚጎዳ ታይቷል። አምስት መርፌ አይገድልሽም ግን ዓመቱን ሙሉ እየደጋገሙ ሚወጉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ቂጥ ላይ ያለቦታው የተወጋ መርፌ ትልቁን ነርቭ መትቶ እግሩን ሚጎትት ሰውም አይቻለሁ። ያስቀመጥሻቸውን አምስቱን ተያቸው።

ጾሙን ጠይቀሻል። ቢ12 ሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከዓሣ ነው፣ እና ጾማችን ለምእመን እንኳን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ስለሆነ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ግን ጉበት የዓመታት ስንቅ ይዞ ነው ሚቆየው፣ በፍስክ እንቁላልና ወተት ምታገኝ ሴት በጾም ብቻ ይጎድልባታል ብዬ ቶሎ አልልም። ሚያሳስበኝ ጾሙ ከሌላ ነገር ጋ ሲደመር ነው፦ በፍስክም ማያገኝ ሰው፣ የጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሚውጥ፣ ሜትፎርሚን ሚወስድ የስኳር ታካሚ። እናትሽ ሜትፎርሚን ላይ ከሆኑ ካንቺ ይልቅ እሳቸው ናቸው ቢ12 ሚመረመሩት። የሱ ማነስ እግር ከማደንዘዝ አልፎ አከርካሪን ይነካል፣ በጨለማ ሲሄዱ ያንገዳግዳል።

ይሄን ለሚያነቡ ሌሎች ደሞ፦ የቲቢ መድኃኒት ላይ ሆናችሁ እግራችሁ መደንዘዝ ከጀመረ ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ አይሶናያዚድ ሚባለው፣ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ጋ ቢ6 በትንሽ መጠን በትክክል ይሠራል፣ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ለሐኪሞቻችሁ ንገሯቸው። ቆዳችሁ ላይ ፈዘዝ ያለ ምልክት ወጥቶ እዛ ላይ ንክኪ ማይሰማችሁ ከሆነ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። የጠፋ በሽታ አይደለም፣ አሁንም አገራችን ውስጥ በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዲስ ሰው ይገኛል፣ መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ ይድናል፣ ሰው ግን በሐፍረት ደብቆ ጣቱ ካለቀ በኋላ ነው ሚመጣው፣ ያናድደኛል። ለቅሶ ቤት ደሞ አይታችኋል፣ አንዷ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ከንፈሯ ዙሪያና ጣቶቿ ይደነዝዛሉ እጇ ይጨበጣል፣ «ዛር ነው» ተብሎ ክብሪት ይጫራል። በፍጥነት ሲተነፈስ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወርዶ ነው፣ ቀስ ብላ እንድትተነፍስ አብራችሁ ተንፍሱላት፣ ያልፋል።

ስትሮክ ያልኩሽ። ስትሮክ በአራት ወር ሌሊት ሌሊት እየመጣ ስታራግፊው አይለቅም። ድንገት ነው፣ በአንድ በኩል ነው፣ ፊት ከእጅ ወይ እጅ ከእግር ጋ አብሮ፣ አፍ ይጣመማል፣ ንግግር ይኮላተፋል፣ እጅ ይዝላል። ያ ከሆነ፣ ለአሥር ደቂቃ ሆኖ ቢተውም እንኳን፣ ውሃ አፍሱበት ምናምን ሳይባል ቀጥታ ሆስፒታል። ሌላው ማይጠበቅ ነገር ከሁለቱም እግር ተነስቶ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ጉልበት ሚያሳጣ መደንዘዝ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከተቅማጥ ወይ ከጉንፋን በኋላ ይመጣል፣ መተንፈሻ ጋ ሊደርስ ስለሚችል። ከወገብ ሕመም ጋ ኮርቻ ላይ ሚያርፈው ቦታ ደንዝዞ ሽንት ከዘጋም በዚያው ቀን ነው፣ ነገ አይባልም።

አንቺ በዚህ ሳምንት በባዶ ሆድ ስኳርሽን ተመርመሪ (126 እና ከዛ በላይ ሁለት ጊዜ ከሆነ ስኳር ነው፣ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ጠርዝ ላይ ነሽ)፣ ታይሮይድሽን አሳይ፣ የወር አበባሽ ከቀረ እርግዝናም ቼክ ይደረግ፣ ስፕሊንቱን ግዢ። ፍል ውሃውን በተመለከተ ላንቺ ምንም አያረግሽም፣ ደስ ካለሽ ዘፍዝፊው። እናትሽ ግን ከዛሬ ጀምሮ እንዳይገቡበት፣ መታጠብ ነው ያለባቸው ለብ ባለ ውሃ፣ ለብ ማለቱን ደሞ በእግራቸው አይለኩት፣ አንቺ በክርንሽ ለኪላቸው፣ ከዛ በጣቶቻቸው መሃል ያለውን ሳይቀር በደንብ አድርቂላቸው።